ሁለት የሚለው ድንጋይ

ጨርቁ ሲነሣ ልጄ ምን ይለኛል?

እማማ ከነጋ ጀምሮ ይህችኑ ጥያቄ ሲያገላብጧት ቆይተዋል፤ ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ ሻይ ሲጥዱ፣ የተጠረገውን ቤት ደግመው ሲጠርጉት። መልስ ግን ከየት ይምጣ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሠራተኞች መጥተው፣ ከውጪው በር አጠገብ ግድግዳው ላይ የእብነ በረድ ሰሌዳ በአራት ብሎን አስረው፣ በሰማያዊ ጨርቅ ሸፍነውት ሄደዋል። "እስከ ነገ አራት ሰዓት ማንም እንዳይነካው" ብለውም አስጠንቅቀዋል። እማማ ግን ምን አስችሏቸው። ሠራተኞቹ ጥጉን እስኪታጠፉ ጠብቀው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያዩ ሁሉ የጨርቁን ጫፍ በሁለት ጣታቸው አነሡት። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ ለማንበብ አያንሱም።

"ዝነኞቹ ወንድማማች ሙዚቀኞች ያደጉበት ቤት" ይላል ድንጋዩ። ከሥሩ ደግሞ አነስ ባለ ፊደል፦ "እናታቸው ሁለት ወለደች፤ ሁለቱ ለሕዝብ እልፍ ዜማ ወለዱ።"

ሁለት።

እማማ የወለዱት ሦስት ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር እንዲሉ፣ ሦስቱም ለየቅል ናቸው። በኩሩ ጊታር ሲይዝ የሰው ልብ የሚሰርቅ ነበር፤ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ትንሹ ምላሱ ከጣቱ የፈጠነ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ሰው ሳያስቅ የማይወርድ ነው፤ ዛሬ ከከተማው ማዶ ትልቅ ቤት ሠርቶ ይኖራል። መካከለኛው ግን ከእናቱ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ከጀርባው ክፍል ተቀምጦ የሰው አኮርዲዮን ይጠግናል። የሰፈሩ ሰው "ደባሉ" ይለዋል። ስም ያወጡለት ወንድሞቹ ናቸው፤ የሰፈሩ መዝገብ ላይ ልጅ ተብሎ አልተጻፈማ። ቤት አጥቶ እንደተጠጋ ባዳ፣ "ደባል ነዋሪ" ተብሎ ነው የተጻፈው። "ደባሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበር ልቀቅ" ይሉታል ወንድሞቹ ሲቀልዱ። እሱም ይሥቃል። እማማ ግን አንድ ቀን እንኳ ሥቀው አያውቁም፤ ነገሩን ያመጡት እሳቸው ናቸውና።

ያን ጊዜ ጎረምሳ ሁሉ ለጦርነት የሚለቀምበት ዘመን ነበር። መዝጋቢ ብዕርና ማኅተም ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። በኩሩ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ እግሩን ስለሚያነክስ ማንም አይመኘውም። ትንሹ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነው። መካከለኛው ግን አሥራ ሰባት ሞልቶት፣ ሸምበቆ መስሎ፣ ሲያዩት "ውሰዱኝ" የሚል ቁመና አውጥቷል።

"ስንት ልጅ አለሽ?" አለ መዝጋቢው ከበሩ ላይ ቆሞ።

"ሁለት" አሉ እማማ። "ሁለት ብቻ።"

ሦስተኛው ከጀርባው ክፍል፣ ከብርድ ልብስ ክምር ሥር ትንፋሹን ውጦ ተኝቶ ነበር። መዝጋቢው እንደወጣ እማማ የልጃቸውን የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርዱን፣ ፎቶውን አንድ በአንድ እሳት ውስጥ ጨመሩ። ሦስቱ ወንድማማቾች አንድ ላይ የተነሡትንም አልማሩት። ከመሐል እሱን ብቻ ቆርጠው ማውጣት ይችሉ ነበር፤ ግን የተቆረጠ ፎቶ የሚያይ ሰው "ይሄ ክፍት ቦታ የማን ነው?" ማለቱ አይቀርም ብለው ፈሩ። እማማ ሲፈሩ አጉድለው አይፈሩም።

አምስት ዓመት። ለአምስት ዓመት ልጁ ፀሐይ በመስኮት ስንጥቅ ብቻ አየ። የሚሠራው ቢያጣ የአባቱን አኮርዲዮን አነሣ። ድምፅ እንዳይወጣ ወናፉን በሁለቱ ጠፍር ጥርቅም አድርጎ አስሮ፣ አየር የሌለበትን ቁልፍ በጣቱ ብቻ እየነካካ፣ ዜማውን በአፍንጫው ያንጎራጉረዋል። ጠፍሩን የሚፈታው ዝናብ ሲወርድ ነው። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ማን ይሰማል። ያኔ ወናፉን ይከፍትና ያንን ሁሉ ያጠራቀመውን ይለቀዋል። ወንድሞቹ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው ያጠኑትና ይዘውት ይወጣሉ፤ ሰርግ ቤት፣ አዳራሽ፣ ኋላም ሬዲዮ። ዘፈኖቻቸው ውስጥ እንደ ጠብታ የሚዘንብ ምት አለ እየተባለ ስንት ተወራ። ከየት እንዳመጡት ሲጠየቁ በኩሩ ዝም ይላል፤ ትንሹ "ከሰማይ" ይላል፤ ሰው ይሥቃል።

ጎረቤቱ አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። ያውቃል። ግን የዚያን ጊዜ የሚደብቀው የሌለው ቤት አልነበረምና ማንም አፉን አላላቀቀም። ያ ጎረቤት ዛሬ ከፊሉ አፈር ገብቷል፣ ከፊሉ ቤቱን ሽጦ ሄዷል።

ጦርነቱ ሲያበቃ መካከለኛው ወጥቶ መታወቂያ ቢጠይቅ "መዝገብ ላይ የለህም" አሉት። መዝጋቢዋ ደግ ሴት ነበረች፤ "ለጊዜው ደባል ብዬ ላስገባህ፣ ኋላ ታስተካክላለህ" አለችው። "ለጊዜው ነው ልጄ" አሉ እማማም። ለጊዜው የተባለው ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው።

ከሦስት ወር በፊት ነው ድንጋዩን የሚያሠራው የቅርስ ጽሕፈት ቤት ሰው የመጣው። ቀጭን፣ ትሑት፣ ጫማውን ሳይጠርግ የማይገባ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘረጋ፣ ማኅተሙን አስቀመጠ፣ የብዕሩን ክዳን ከፈተ።

"እማማ፣ ለታሪክ ነው፤ ስንት ልጆች ወለዱ?"

እማማ ብዕሩን አዩ። ማኅተሙን አዩ። ምላሳቸው ከእሳቸው ቀደመ።

"ሁለት። ሁለት ብቻ።"

"እሰይ፤ ከሰፈሩ መዝገብ ጋር ገጠመልኝ" አለ ሰውዬው ደስ ብሎት። እማማም ፈረሙ። ነገሩ የገባቸው እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ ብርጭቆውን ሲያጥቡ ነው። ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። ከጀርባው ክፍል "ምንድነው እማዬ?" የሚል ድምፅ መጣ። "ምንም፣ ብርጭቆ ነው" አሉ።

ሰባት ቀን እንቅልፍ አጥተው፣ በስምንተኛው ቀን ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ።

"ልጄ፣ ያን ቀን የነገርኩህ ስሕተት ነው። ሦስት ናቸው።"

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። "እማማ፣ ሰው ልጁን ይረሳል እንዴ? ጃንጥላ መሰለዎት?"

"አልረሳሁም። ደብቄው ነው።"

"ከማን?"

"ከናንተ።"

"እኔ ያን ጊዜ አልተወለድኩም፣ እናቴ።" ፈገግ አለና ወንበር ሳበላቸው። "ይሁን። የልደት ወረቀቱን ያምጡልኝ።"

"የለም።"

"የትምህርት ቤት ካርድ? ፎቶ?"

"የለም።"

"የት ገባ?"

"አቃጠልኩት።"

"ማን አስገድዶዎት?"

"ማንም።"

ሰውዬው ሊያስቀይማቸው የፈለገ አይመስልም፤ እማማን ያስጨነቃቸውም ደግነቱ ነው። ክፉ ቢሆን ይጣሉት ነበር። "እንዲህ እናድርግ" አለ በመጨረሻ። "በሕይወት ያለው ልጅዎ ወንድሜ ነው ብሎ ይፈርም። አንድ ፊርማ ይበቃኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ ግን፤ ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ለጠራቢው ይሰጣል።"

እማማ ቤት ሳይደርሱ ከመንገድ ላይ ለትንሹ ደወሉ።

"ፈርምለት፣ ልጄ። አንዲት ፊርማ ናት።"

"እማዬ፣ ነገሩ ፊርማ ብቻ መሰለሽ?" አለ ትንሹ። ከኋላው ሰው ሲያወራ ይሰማል። "ዛሬ ሦስት ነን ብዬ ብፈርም፣ ነገ ጋዜጠኛው ተነሥቶ ሦስተኛው ምን ይሠራ ነበር ይለኛል። ምን ልበለው? ዜማው ሁሉ የሱ ነው ልበል? ሟቹ ከመቃብር ተነሥቶ ይመልስ? ልጅቷስ?"

ልጅቷ የበኩሩ ልጅ ናት፤ እናቷ ትታት ሄዳ እማማና ደባሉ ናቸው ያሳደጓት። የአባቷን ዘፈን ስትሰማ ዓይኗን ጨፍና ነው። ዜማው የአጎቷ እንደሆነ የነገራት የለም፤ አባት የቀረላት በዚያ ዘፈን ውስጥ ብቻ ነው።

"ደግሞስ" አለ ትንሹ፣ "እሱ ራሱ ጠይቆሻል?"

"አልጠየቀም።"

"በይ እንግዲህ። ባለቤቱ ያላነሣውን ነገር አንቺ ምን አስነሣሽ።"

ወሩ አለቀ። ደባሉ በእርግጥ አልጠየቀም። አንድ ቀን ብቻ፣ የአንዱን አኮርዲዮን ቁልፍ በትንሽ ብሩሽ እያጸዳ ቀና ሳይል፣ "እማዬ፣ ድንጋዩ ላይ ስም ይጻፋል እንዴ?" ብሏቸው ነበር። "እኔ ምን አውቄ" አሉት። እሱም ማጽዳቱን ቀጠለ። ትናንት ማታ ግን እማማ ወደ ክፍሉ ብቅ ሲሉ፣ ደባሉ አጎንብሶ ነጭ ሸሚዝ ሲተኩስ አገኙት። ለወንድሙ ቀብር እንኳ ከሰው ኋላ የቆመ ሰው፣ ኮሌታውን ሦስት ጊዜ እያገላበጠ ይተኩሳል። እማማ በሩን ቀስ አድርገው መልሰው ዘጉት።

"እማማ፣ ገና አልለበስሽም?"

የልጅ ልጃቸው ናት፤ እቅፍ ሙሉ አበባ ይዛ ገባች። ማተሚያ ቤት ስለምትሠራ የጥሪ ካርዱን ራሷ ነው ያተመችው።

"ልጄ፣ ዝናብ ቢመጣስ?"

"ሰማዩ ጥርሱን ፈግጎ እያየሽው?"

"ድንጋዩ ቢወድቅስ? አራት ብሎን ይበቃዋል?"

"ከወደቀም አንቺ ላይ ነው። ከትናንት ጀምሮ ከሥሩ ጠፍተሽ አታውቂም አሉኝ።" አበባውን ባልዲ ውስጥ አቆመችና ወደ ጀርባው ክፍል አንገቷን ሰገግ አደረገች። "ጋሼስ ይወጣል?"

"ሸሚዝ ተኩሷል።"

"አትዪኝ። በቃ፣ ከፊት ወንበር እይዝለታለሁ።"

"ከፊት ተይው" አሉ እማማ ቶሎ ብለው።

"ለምን?"

"ፀሐይ ነው። ራሱን ያመዋል።"

ልጅቷ ሥቃ ወጣች። እማማ ሻይ ቀድተው ወደ ጀርባው ክፍል ገቡ። አሁን እነግረዋለሁ ብለው ነው የገቡት፤ ከድንጋዩ አፍ ከሚሰማው ከእኔ ይስማው። ደባሉ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሽበቱን በውሃ አስተኝቶ፣ የአባቱን አኮርዲዮን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጠፍሩ ተፈትቷል።

"ኮሌታዬ እንዴት ነው?"

እማማ ሻዩን አስቀምጠው ኮሌታውን አቃኑለት። የተቃና ነበር። "ሕዝቡ ብዙ ነው አሉ፤ ግፊያ ነው። ዛሬ እዚሁ ብትቀመጥስ?"

ደባሉ ሣቀ። "እማዬ፣ ጦርነቱ እኮ አልቋል።"

"አውቃለሁ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው።"

"አውቃለሁ አልኩህ።"

"ትንሹ 'አኮርዲዮኑ ቢወጣ ጥሩ ነው' ብሎ ልጅቷን ልኮብኛል። አንዷን ዜማ ብነካላቸው ምን ይለኛል ብዬ ነው።"

ትንሹ አኮርዲዮኑን የፈለገው ጠረጴዛ ላይ ለዕይታ ሊያስቀምጠው ነው። እማማ ይህን ያውቃሉ፤ ልጅቷ ነግራቸዋለች። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ከውጭ የድምፅ ማጉያው ጮኸ፦ "አንድ፣ ሁለት... አንድ፣ ሁለት..." ከአፋቸው የወጣው ሌላ ነው፤ የድሮው ነው።

"እኔ እስክጠራህ እንዳትወጣ።"

"እሺ" አለ ደባሉ፣ እንደዚያን ጊዜው ሁሉ።

አራት ሰዓት ላይ መንገዱ ሞላ። ትንሹ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ከመኪና ወረደ፣ እናቱን አቅፎ ግንባራቸውን ሳመ። "አይዞሽ፣ ቆንጆ ነው የሚሆነው" አላቸው በጆሯቸው። የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ሰው ንግግር አደረገ። ቤቱ ከእንግዲህ እንደማይፈርስ፣ ቀለሙ እንኳ ያለ ፈቃድ እንደማይቀየር ተናገረ። ከዚያ ገመዱን ለእማማ ሰጣቸው። እማማ ገመዱን ይዘው ቆሙ። ባልጎትተው ምን ይሆናል ብለው አሰቡ። ምንም አይሆንም፤ ሌላ ሰው ይጎትተዋል። ጎተቱት።

ሰውዬው ድንጋዩን በድምፅ ማጉያ አነበበው። "እናታቸው ሁለት ወለደች" ሲል ድምፁ ከማዶው ሕንፃ ተላትሞ ተመልሶ በእማማ መስኮት ገባ። ግድግዳው አሮጌ ነው፤ ሹክሹክታ አይከለክልም። እማማ ከሰውዬው እጅ ማይክሮፎኑን ያዙ። እንዴት እንደያዙት ለራሳቸውም አልታወቃቸውም።

"ሦስት ናቸው" አሉ። "እኔ የወለድኩት ሦስት ነው።"

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው አሳለ። የጽሕፈት ቤቱ ሰው አንገቱን ደፋ። ያኔ ትንሹ ቀስ ብሎ ክንዱን በእናቱ ትከሻ ላይ አሳረፈና ማይክሮፎኑን ከእጃቸው ላይ እንደ አበባ ቀጠፈው።

"እናታችን ሁልጊዜ እንዲህ ትላለች" አለ በዚያ ሰው በለመደው ድምፁ። "ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሦስተኛው ልጄ ሙዚቃ ነው ትላለች።"

ጭብጨባው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዶፍ ነበር። ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። እማማ "አይደለም" ሊሉ ዞሩ፤ ከፊት ወንበር ላይ ልጅቷን አዩ። የአባቷን ፎቶ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ፊቷ በእንባም በደስታም ርሶ፣ ወደ ድንጋዩ አንጋጣ ታያለች። አንዲት ቃል ከእማማ አፍ ብትወጣ፣ ከሟቹ ልጃቸው ነጥቃ ለደባሉ የምትሰጥ ናት። ሦስቱንም የወለደ ሆድ ለአንዷ ቃል ጠበበ።

ሰው ፎቶ መነሣት ሲጀምር ሾልከው ገቡ።

ደባሉ ከጀርባው ክፍል ወጥቶ፣ ከሳሎኑ መጋረጃ ኋላ፣ አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። እስኪጠራ እየጠበቀ ነበር። እናቱን ሲያይ አልተቆጣም፤ ፊቱም አልጠቆረም። አኮርዲዮኑን ከትከሻው አወረደ፣ ወናፉን ሰበሰበ፣ ሁለቱን ጠፍሮች አንድ በአንድ ጥርቅም አድርጎ ቆለፈ። ወደ ክፍሉ ተመልሶ አልጋው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አነሣ።

"ልጄ" አሉ እማማ።

ኮቱን ለበሰ።

"ሻይህን አልጠጣኸውም፤ ቀዘቀዘ እኮ። ላሙቅልህ?"

በእጁ ትከሻቸውን ቀስ አድርጎ ነካቸውና አልፏቸው ሄደ። እማማ እስከ ደጃፉ ተከተሉት። "አትውጣ" የሚለው ቃል ዕድሜ ልካቸውን ምላሳቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የኖረ ነው፤ ዛሬ ግን በምን አፋቸው ይበሉት። "ተመለስ" ለማለትም መጀመሪያ የት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። የበሩን መቃን ይዘው ቀሩ።

ከደጅ አንድ ጎልማሳ ከነሚስቱ ድንጋዩ ሥር ቆሟል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ከቤቱ ሲወጣ አይቶ ስልኩን ዘረጋለት። "ወንድም፣ አንድ ጊዜ አንሣን፤ ጽሑፉ እንዲታይ አድርገህ።" ደባሉ ስልኩን ተቀበለው። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ጽሑፉ እንዲታይ ትንሽ ዝቅ አለ፣ አነሣቸው፣ መለሰላቸው። ሰውዬው "እግዜር ይስጥልኝ፣ የዚህ ቤት ሰው ነህ?" አለው።

ደባሉ ከዚህ ደጃፍ በወጣ ቁጥር መንገዱን ግራና ቀኝ ሳያይ ተራምዶ አያውቅም ነበር፤ ከዚያ ዘመን የቀረ ልማድ ነው፣ ልጅቷ "መኪና የለም ጋሼ፣ ተሻገር" እያለች ታሾፍበታለች። ዛሬ ግን ግራም አላየ፣ ቀኝም አላየ፤ ለሰውዬውም አልመለሰለትም። ኮቱን ቆልፎ በሕዝቡ መሐል ቀጥ ብሎ ሄደ።